ሽሮዋን ተዉላት

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ይሄ ወሬ አፈር ልሶ ይነሳል። “አኩሪ አተር የሴቶችን ጡት ያበላሻል፣ ካንሰር ያመጣል፣ ሽሮ ውስጥ እየቀላቀሉ ሊጨርሱን ነው” የሚለው። ዘንድሮ ደግሞ የድምፅ መልእክት ተጨምሮበት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፎቶ ተለጥፎበት በቴሌግራም መጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ላከልኝ። ስድስቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናችሁ። መጀመሪያ የምወቅሰው እናንተን ነው። “ማን አለ? በምን አወቀ? በስንት ሰው ላይ አየ?” ብላችሁ እንድትጠይቁ 9ኛ ክፍል ላይ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነግሬአችሁ ነበር እኮ!

ከወዲሁ ልናገር፣ ሐኪም አይደለሁም። ዲፕሎማ ይዤ ቦንጋ ላይ ባዮሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። ይሄን የምለው ኮሜንት ላይ “አንተን ምን አገባህ” የሚል ስለማይጠፋ ነው። የሚያገባኝ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነገሩ የማስተምረው ትምህርት ነው። ሁለተኛውን ዝቅ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

እሺ፣ ወሬው ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። ከባዶ ቢመጣማ ይቀለን ነበር። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናዎቹ ጄኒስቲንና ዳይድዜይን ናቸው። ቅርጻቸው የሴቶች ሆርሞን ከሆነው ከኢስትሮጅን ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ነው “የዕፅዋት ኢስትሮጅን” የሚባሉት። ብዙ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ደግሞ በኢስትሮጅን የሚበረታቱ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ በተጠኑ ታማሚዎችም ከግማሽ በላይ የሆኑት እንደዚያ ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ፍርሃቱ በራሱ ይመጣል። የድምፅ መልእክቱ ሰውዬም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ሁለት እውነት አነሳና መሀል ላይ ያለውን ሦስተኛ ነገር ዘለለው።

የዘለለውን ክፍል ውስጥ የማስረዳው በምክትል መምህር ነው። ዋናው መምህር ሲቀር ምክትል ይገባል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ግን ፈተና አያወጣም፣ ማርክ አይቆርጥም፣ ተማሪውም ብዙ አይፈራውም። ጄኒስቲንም ሴሉ ውስጥ የኢስትሮጅን ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ግን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። ወንበሩም ሁለት ዓይነት ነው፤ አልፋና ቤታ ይባላሉ። የጡት ሴል እንዲባዛ በዋናነት የሚገፋው አልፋ ነው። ጄኒስቲን ይበልጥ የሚቀናው ቤታ ላይ መቀመጥ ነው። ዋናው መምህር እያለ ምክትሉ ወንበሩን ከያዘበት ደግሞ እንዲያውም ክፍሉ ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ “ኢስትሮጅን ይመስላል፣ እንግዲያው እንደ ኢስትሮጅን ያደርጋል” የሚለው ሂሳብ ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

“ግን በአይጥ ላይ ተረጋግጧል!” ትላላችሁ። አውቃለሁ። እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የወሬው አባት ያ ጥናት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው የጡት ካንሰር ሴልና በአይጥ ሠሩ። አይጦቹ ግን ቤታችን ውስጥ የሚሮጡት ዓይነት አልነበሩም። የበሽታ መከላከያቸው የተጓደለ፣ እንቁላል ማምረቻቸው ተቆርጦ የወጣ፣ የራሳቸው ኢስትሮጅን የሌላቸው ነበሩ። የሰው ካንሰር ሴል ተከለባቸው፣ ጄኒስቲን ተሰጣቸው፣ እብጠቱ አደገ። ጥናቱ ሐሰት አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም አላጭበረበሩም። ሳይንስ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ግን አይጥ አይሶፍላቮንን የሚያብላላበት መንገድ ከሰው ይለያል። ሰው ውስጥ ጄኒስቲን ወደ ደም ሲገባ አብዛኛው ተጠቅልሎና ሥራ ፈትቶ ነው የሚዞረው፤ አይጥ ውስጥ ግን ያልተጠቀለለው፣ ሊሠራ የሚችለው መጠን በጣም ይበዛል። ከዚያ አይጥ ተነስቶ ጨና ወረዳ ሽሮዋን የምትሠራ እናት ላይ መድረስ ረጅም መንገድ ነው። መሀል ላይ ሰውን መጠየቅ ነበረበት።

ሰው ተጠይቋል እኮ! የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቻይና ሻንጋይ ውስጥ የጡት ካንሰር የተገኘባቸውና ታክመው ያሉ 5,042 ሴቶች ተከታትለው ውጤቱን በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አስቡት፤ ካንሰሩ ያለባቸው ሴቶች ናቸው። አኩሪ አተር የካንሰር ማገዶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መታየት የነበረበት በእነሱ ላይ ነበር፤ በዚያ ላይ የሻንጋይ ሴት በየቀኑ ትበላዋለች። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። አኩሪ አተር በጣም ጥቂት ከሚበሉት መካከል በ4 ዓመት ውስጥ ከመቶው 10 ያህሉ ሲሞቱ፣ ብዙ ከሚበሉት መካከል 7 ያህሉ ናቸው የሞቱት። በሽታው ተመልሶ መምጣቱም እንደዚያው ነው፤ ከ11 በመቶ ወደ 8 በመቶ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካና የቻይና ጥናቶች ተደምረው 9,514 ታማሚዎች ታዩ። እዚያም የበሉት አልተጎዱም፤ በሽታው የተመለሰባቸው እንዲያውም በሩብ ያህል አንሰው ተገኙ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገደል እንዳትሄዱብኝ። ይሄ “አኩሪ አተር ካንሰር ያድናል” ማለት አይደለም። አኩሪ አተር አዘውትራ የምትበላ ሴት በሌላም ነገር ልትለይ ትችላለች፤ አትክልት ትበላ ይሆናል፣ ትንቀሳቀስ ይሆናል፣ ገንዘብም ይኖራት ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ይሄን ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይቻልም። ከዚህ ጥናት በድፍረት የሚወሰደው አንድ ነገር ነው፤ በምግብ መልክ የተበላ አኩሪ አተር ካንሰር ያለባትን ሴት እንኳ ሲጎዳት አልታየም። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበርም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ምግቡ ችግር የለውም፣ የተጠናከረው እንክብል ላይ ግን ተጠንቀቁ።

እንግዲህ ወደ ሽሮዋ ልመለስ። ስሌት እንሥራ፣ እስክሪብቶ ያዙ። መቶ ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ያህል አይሶፍላቮን አለ በሉ። ሽሮ ስታስፈጩ ከአሥር እጅ አንዱን አኩሪ አተር አደረጋችሁ። አንድ ሰው በአንድ ማዕድ 50 ግራም የሽሮ ዱቄት በላ። ስንት ደረሰው? 5 ግራም አኩሪ አተር፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ሚሊ ግራም አይሶፍላቮን። የጃፓንና የቻይና ሰዎች በባህላዊ አመጋገባቸው በቀን ከ25 እስከ 50 የሚደርስ ይወስዳሉ፣ ለዚያውም ከልጅነት እስከ እርጅና። የእኛዋ እናት የእነሱን ሩብ ለመድረስ እንኳ ሽሮ በየቀኑ መብላት አለባት። ካፋ ውስጥ ደግሞ ቆጮውና በቆሎው ማዕዱን ይሻማል! አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጣችሁ በአኩሪ አተር ወተት የጾም ማኪያቶ የምትጠጡትም ብትሆኑ፣ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወተቱ 25 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። የአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ ደግሞ አይሶፍላቮን የለም ለማለት ይቻላል፤ ከዱቄቱ ጋር ነው የሚቀረው። ግን ዘይቱንም የሚፈሩ አሉ።

ወንዶች አትሳቁ፣ “ጡት ያበቅልብናል” ብላችሁ የምትፈሩትን አውቃችኋለሁ። በሕክምና መጽሔት ላይ የተጻፈ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ። በቀን ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ የአኩሪ አተር ወተት ይጠጣ ነበር። ሲያቆም ተሻለው። እናንተ ሦስት ሊትር የምትጠጡት ሌላ ነገር ነው።

ይሄን ሁሉ ስል ማንም የማያነሳው ነገር አለ፤ ተልባ። የዕፅዋት ኢስትሮጅን መርዝ ከሆነ መጀመሪያ መታሰር ያለባት ተልባ ናት። ሊግናን የሚባለው ሌላው የዕፅዋት ኢስትሮጅን በምግብ ዓለም ውስጥ እንደ ተልባ የሚበዛበት የለም። ሽምብራም ትንሽ አይሶፍላቮን አላት። እናቶቻችን በጾም ተልባ ሲበጠብጡ፣ ሽምብራ ሲቆሉ ስንት ዘመን ኖሩ? “ተልባ ጡት ታበላሻለች” የሚል የድምፅ መልእክት ግን አልመጣም፤ ምክንያቱም ተልባ የእኛ ናት፣ አኩሪ አተር ግን ስሙ የባዕድ ይመስላል። ፍርሃቱ ከኬሚስትሪ ይልቅ ከእንግድነቱ ነው የመጣው ባይ ነኝ። እንግድነቱም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ፋፋን የማያውቅ አለ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ሲጀመር፣ ኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የተሠራው የሕፃናት ዱቄት አኩሪ አተር ነበረበት። ጅማም ጎረቤታችን፣ ምርምር ማዕከሉ አኩሪ አተርን ሲያላምድ የኖረ ነው። የዛሬ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ፋፋ በልተው ያደጉ አሉ።

አሁን የአገራችንን ቁጥር እንይ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ከ9 ሺህ በላይ ይሞታሉ። ከሴቶች ካንሰር ሁሉ አንደኛው ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው፤ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤት የያዙ። እነዚህ ሴቶች በምን አደጉ? በአኩሪ አተር? በጤፍ፣ በቆጮ፣ በበቆሎ፣ በጎመን ነው ያደጉት። አኩሪ አተር ብዙ በማይበላበት አገር ይሄን ያህል ሴት የምትታመም ከሆነ ጥፋተኛውን ሽሮ ውስጥ መፈለግ ምን ይሉታል? ደግሞ ከታማሚዎቹ እስከ ሞት የምትደርሰውን ብዛት ተመልከቱ። ይሄን ያህል የሚሞተው በሽታው እኛ ጋ ስለከፋ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው የሚያገባኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ስሟንና ሰፈሯን አልጠራም፣ ልጆቿ ያነቡታል። እኔ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት። በግራ ጡቷ በኩል የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ዳሰሰች። አላመማትም። ስላላመማት ተወችው። ቆይቶ አንድ ዘመድ “አኩሪ አተር ነው፣ ሽሮሽ ውስጥ አለበት፣ ተይው ይሟሟል” አላት። ሽሮዋን ጣለች። በእውነት ጣለች፣ አንድ ቁምጣ ሙሉ። ገበያ ሄዳ ንጹሕ የባቄላና የሽምብራ ሽሮ አስፈጨች። ከዚያ ጠበቀች። አንድ ጾም ጠበቀች፣ ፋሲካ መጣ፣ ክረምት ገባ። ስትጠብቅ እፎይታ ነበራት እኮ፤ “ምክንያቱን አግኝቻለሁ፣ አቁሜአለሁ” ብላ። ብብቷ ሥር ሲያብጥ ነው ለባለቤቴ የነገረቻት። ጅማ ስትደርስ የተነገራትን አልጽፍም።

ወሬውን የሚያሰራጩ ሰዎች “ብትጠነቀቅ ምን ይጎዳታል?” ይላሉ። ይሄ ነው የሚጎዳት። የተሳሳተ ምክንያት የያዘች ሴት ትክክለኛውን በር አታንኳኳም። አኩሪ አተር መተው ጉዳት የለውም የምትሉ፣ ያቺ ሴት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ያሳለፈቻቸውን ወራት ቁጠሩ።

ሌላም የምትጎዳ አለች። በጤና ጣቢያ ክንዷ ተለክቶ ተጎድታለች የተባለች ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት የሚሰጣት ዱቄት በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ሕዝቡ ሁሉንም በጅምላ ፋፋ ይለዋል። አኩሪ አተር ከክብደቱ ከ36 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋና እንቁላል ለሌለው ቤት ከዚህ የቀረበ ነገር የለም። “ጡትሽን ያበላሻል፣ ወተትሽ ለልጁ መርዝ ይሆናል” ተብላ ዱቄቱን ለከብት የሰጠች እናት ስለመኖሯ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች የቀድሞ ተማሪዬ ነግራኛለች። ልጇ ከዚያ በኋላ ምን በላ? የድምፅ መልእክቱ ሰውዬ ይመልስልኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ ነጋዴዎቹ አሉ። መናኸሪያ አካባቢ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ “ጡት ያሳድጋል፣ ያጠነክራል፣ ካንሰር ይከላከላል” እያለ የሚሸጠው፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የአይሶፍላቮን እንክብል የምታስተዋውቀው። ፈሪውና ሻጩ የተጣሉ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የሚሉት አንድ ነው፤ “ይሄ ባቄላ ጡትሽን ይገዛዋል”። አይገዛውም። ጡት የሚያሳድግ ሽሮ የለም፣ የሚያጠፋም የለም። እንክብሉን በተመለከተ በካንሰር ታክማ ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትንካው። ታሞክሲፈን ራሱ የሚሠራው ያንኑ የኢስትሮጅን ወንበር በመያዝ ነው፤ የተጠናከረ ነገር ይዞ ከእሱ ጋር መጋፋት አያስፈልግም። ሽሮዋን ግን ትብላ።

አኩሪ አተርን ማማት ካማራችሁ እውነተኛውን ሐሜት ልስጣችሁ። ጥሬው አይበላም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለበት፣ በደንብ ካልተቆላ ወይም ካልተቀቀለ ሆድ ይነፋል። አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስዱ መድኃኒቱን ከአኩሪ አተር ጋር አንድ ላይ አትዋጡ፣ አይመጠጥላችሁም፤ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀማችሁንም አረጋግጡ። ይሄ አሰልቺ ስለሆነ ማንም ሼር አያደርገውም።

ስለ ጡት ካንሰር በእውነት የተረጋገጠውን ማንሳት ስንጀምር ደግሞ ሰው ዝም ይላል። አልኮል ከታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነው። በቀን 10 ግራም አልኮል፣ ይኸውም አንድ ትንሽ ቢራ ያህል፣ አዘውትራ የምትጠጣ ሴት አደጋዋ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሲበዛም እየጨመረ ይሄዳል። የካፋ ማር በዓለም የታወቀ ነው፣ ጠጃችንም እንዲሁ። ስለ ጠጅ የሚያስጠነቅቅ የድምፅ መልእክት ግን አንድም ሰው አልላከልኝም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማጥባት ደግሞ ይጠብቃል። ከ30 አገሮች 47 ጥናቶች ተደምረው በ2002 እ.ኤ.አ. የታየው፣ አንዲት ሴት ባጠባችበት በእያንዳንዱ 12 ወር አደጋዋ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ነው። የቤተሰብ ታሪክ፣ ዕድሜ፣ ካረጡ በኋላ መወፈር፣ እነዚህም አሉ። ምንም የሌለባትም ትታመማለች። ስለዚህ “ምን በልቼ ነው?” እያለች ራሷን የምትመረምር ሴት ሳይ ልቤ ይቆስላል። ምንም በልታ አይደለም።

እናንተ ልጆች፣ እናትና እህት፣ ሚስትና አክስት ያላችሁ ሁሉ፣ ይሄን ጠይቁልኝ። ጡቷ ላይ ወይም ብብቷ ሥር እብጠት አለ? ባያምም እንኳ። በተለይ ባያም። ቆዳው ሰርጉዷል ወይስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል? ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወጥቷል? ከወር አበባ በፊት ሁለቱም ጡት አብሮ የሚያምና የሚጠፋ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ያለና የማይሄድ እብጠት ግን ይታይ። ከሚታዩት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር ሆነው አይገኙም፤ ይሄንንም ንገሯት፣ የሚያስቀራት ፍርሃቱ ነውና። “ጠበል እጠጣለሁ” ካለች ትጠጣ፣ ማንም አይከለክላትም፤ ጠበሉም ሐኪሙን አይከለክልም።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ ወይ ቦንጋ ሆስፒታል። እዚያ በእጅ ይታያል፣ ካስፈለገ ለአልትራሳውንድና በመርፌ ለሚወሰድ ናሙና ወደ ጅማ ሪፈር ይጻፋል። አገሪቱ ሙሉ ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳን ብቻ ስትጠብቅ የኖረችበት ዘመን ነበር፤ ከእኛ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ጠዋት ተሳፍራ በጊዜ ትደርሳለች። መታወቂያዋንና የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተሯን ትያዝ፣ የዓመቱ መዋጮም መከፈሉን እዩላት። ሪፈር ሳታጽፍ በቀጥታ ጅማ ከሄደች መድኑ ላይሸፍንላት ይችላል። ብቻዋንም አትላኳት፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ውጤት ለመቀበልም ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ በሁለተኛው ቀጠሮ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ብቻቸውን የመጡት ናቸው።